ለደካማ ተጫዋች የሚሆን ኳስ

ሰው ፊቱን እየታጠበ ስልክ አያወራም። ባሏ ግን መታጠቢያ ቤት ገብቶ፣ በሩን ዘግቶ፣ ቧንቧውን ለቆ ያወራ ነበር። እሷ የተኮሰችውን ሸሚዙን ይዛ ኮሪደሩ ላይ ቆማለች። ልትሰማው ብላ አልነበረም የቆመችው፤ ሸሚዙን በሩ እጀታ ላይ ልትሰቅልለት ነበር። "ቢጫውን አልፈልግም አልኩህ እኮ" ይላል ድምፁን አፍኖ። "ነጩን ነው የምፈልገው። አረንጓዴ ነጥቧን ሁሉም ላይ አድርግባቸው፤ ቦታዋም መጠኗም አንድ ይሁን። ሰውየው እንደሆነ አያየውም።" ከዚያ ቧንቧው ተዘጋ። እሷም ወደ መኝታ ቤት ተመለሰችና ሸሚዙን አልጋው ላይ ዘረጋችው፤ ኮሪደሩ ላይ ጭራሽ እንዳልነበረች ሁሉ።

የሚያወራው ስለ ጎልፍ ኳስ መሆኑን ለማወቅ መመራመር አላስፈለጋትም። ቅዳሜ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ባሏ አባቷን ይዞ ጎልፍ ሜዳ ይሄዳል። "ሰውየው" ያለው እንግዲህ አባቷን ነው። ነገሩ የሻከራት እዚህ ላይ ነበር። ባሏ ከተጋቡ ጀምሮ አባቷን "አባባ" ወይም "እሳቸው" ከማለት ወጥቶ አያውቅም፤ አንድ ሰሞን ተጋጭተው እንኳ "እሳቸው" እንዳለ ነው ያኮረፈው። አሁን በውሃ ድምፅ ተከልሎ "ሰውየው" አለ፤ ቀጥሎም "አያየውም" አለ። አንድ ሰው ሌላው የማያየውን ነገር ሲያዘጋጅ ምን እንደሚባል እሷ ታውቃለች። እንጀራዋ ነው። ኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት የመኪና ጉዳት መርማሪ ናት፤ ቀኑን ሙሉ ጋራዥ ለጋራዥ እየዞረች፣ ተንበርክካ የተጨራመተ ፓራፋንጎ ስታይ ትውላለች። ትናንት ተገጨ የተባለ በር ውስጡ ዝጎ አግኝታ ታውቃለች፤ ከኋላ ተመታሁ ብሎ የማለ ሰው የፊት መብራቱን ጭምር አሳይቷታል። ሰው ዓይኗን እያየ ሲዋሻት አትቆጣም፤ "እሺ፣ እስቲ ከመጀመሪያው ይንገሩኝ" ብላ ትቀመጣለች። ባሏ ለእንግዳ ሲያወራ፣ "የኛ ቤት ድስት ጠርዙ ከተላጠ ማን እንደገጨው ሳይጣራ ወጥ አይሠራበትም" እያለ ያስቃል።

ቁርስ ላይ ዳቦዋን እየቀባች "ኳስ አላችሁ?" አለችው፤ እንዲያው ለወሬ ያህል በሚመስል ድምፅ።

"ሞልቷል" አለ። "ባለፈው የተረፈ ስንት አለ።"

ከዚያ ሻዩን እያማሰለ ወሬውን ቀጠለ። መጀመሪያ ቢሮ ጎራ ይላል፤ ከዚያ አባባን ከቤታቸው ይወስዳቸዋል፤ ቢሮው አዲስ ሕንፃ የሚነድፍላት የአንድ ትምህርት ቤት ባለቤት አብራቸው ትጫወታለች፤ ጨዋታው ሲያልቅ እዚያው ክበቡ ውስጥ የአዲሱን ሕንፃ ንድፍ አባባ ይፈርሙላታል። ያልጠየቀችውን ሁሉ ነገራት፤ የጠየቀችውን ዋሻት። ግንባሯን ስሞ ሲወጣ መስኮቱ ጋ ቆማ መኪናው እስኪታጠፍ ድረስ ተከተለችው። ወደ ቢሮ የሚወስደው መንገድ በግራ ነው። እሱ የታጠፈው በቀኝ ነበር።

አባቷ የሕንፃ መሐንዲስ ነው። ስሙ የተከበረ፣ የራሱ አማካሪ ቢሮ ያለው፣ ዕድሜው ከገፋም በኋላ ፊርማው ያልጠፋ ሰው። ባሏ የሚሠራው እሱ ዘንድ ነው። አባቷ ጎልፍ የጀመረው በስተርጅና ሲሆን፣ ከጀመረበት ቀን አንሥቶ እስከ ዛሬ አልሆነለትም፤ እሱ ራሱ "ሜዳውን አርሼ ጨረስኩት" እያለ ይቀልድበት ነበር። ይቀልድበት ነበር ስትል አንድ ነገር ታስባለች። ዓመት አልፎታል ከእሷ ጋር መቀለድ ከተወ። አንድ ዘመድ የተሰበሰበበት ቀን፣ በሰው ፊት "አባባ፣ በቃህ፤ አሁንስ ጡረታ ውጣ" ብላው ነበር። ከዚያ ወዲህ ዓይኗን አያይም። ልትጠይቀው ስትሄድ ሳሎኑ ውስጥ ቴሌቪዥኑ ይጮሃል፣ እሱ ፊቱን ወደ ጎን መለስ አድርጎ ከእሷ ትከሻ ወዲያ ያለውን ግድግዳ ያያል፤ እሷ ብርጭቆዋን ታሽከረክራለች። "ደህና ናችሁ?" "ደህና ነን።" "እንግዲህ ደህና።"  መንገዱን ሁሉ፣ እኔ ምን አልኩና ነው፣ እያለች ከራሷ ጋር ስትሟገት ትመለሳለች። ባሏ ደግሞ ያንኑ ቤት የሳቅ ድምፅ ይዞ ይወጣል። ከአባቷ ጋር ተዘግተው ሰዓታት ያሳልፋሉ። ልጅየዋን ካኮረፈ አባት ጋር ተዘግቶ የሚውል አማች ምን እያሰናዳ ይሆን የሚለው ሐሳብ ዛሬ የመጣ አይደለም። ዛሬ እግር አወጣ እንጂ።

የስፖርት ዕቃ መደብሩን ታውቀዋለች፤ ስሙ የታተመበት ከረጢት ባሏ መኪና ውስጥ አይጠፋም። ወፍራም ላስቲክ የሚሸት፣ ከጣሪያው ብስክሌት የተንጠለጠለበት ረጅም ክፍል ነው። የጎልፉ ዕቃ ከኋላ በመስታወት ቁም ሣጥን ተቆልፏል፤ ልክ እንደ ጌጣጌጥ። ሻጩ ቀጭን፣ ወሬ የማይጠላ ሰው ነበር። ለአባቷ ኳስ ልትገዛ እንደምትፈልግ፣ አባቷም እምብዛም የማይችል ተጫዋች መሆኑን ነገረችው። ሃንዲካፓቸው ስንት ነው ብሎ ሲጠይቃት ግራ ገባት። በዚህ ጨዋታ ድክመት በቁጥር እንደሚለካ፣ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ሰውየው እየባሰበት እንደሚሄድ አስረዳት። "ከፍ ያለ ነው" አለች። "በጣም ከፍ ያለ።"

ሻጩ ደስ አለው። ሁለት ኳስ አውጥቶ መዳፏ ላይ አስቀመጠላት። ለእሷ እንደ ሁለት እንቁላል አንድ ናቸው። ይቺ ውድ ናት አለ፤ ብዙ ድርብ አላት፣ ቆዳዋ ለስላሳ ነው፣ ስትመታ አየር ላይ ክፉኛ ትሽከረከራለች። አዋቂ እጅ ላይ ከሆነች ቁሚ የተባለችበት ትቆማለች። ደካማ ሰው አጣሞ ከመታት ግን ያው መሽከርከሯ ጥመቱን ያባብሰዋል፤ ትንሽ ወደ ቀኝ የሄደችው ጭራሽ ጫካ ትገባለች። ሰው ውድ ስለሆነች ብቻ ለአባቱ ይገዛታል፣ አባትየውም በልጁ ስጦታ ቀኑን ሙሉ ጫካ ለጫካ ሲንከራተት ይውላል። ይቺኛዋ ደግሞ ሁለት ድርብ ብቻ ናት፣ ሽፋኗ ጠንከር ይላል፣ ብዙ ስለማትሽከረከር ቀጥ ብላ ትሄዳለች፤ ብትጠፋም አታንገበግብም። ልቧ ለስለስ ያለውን ከመረጡ በእርጋታ ለሚመቱ አዛውንት ይሆናል። ቀለሙን ግን ቢጫ ያድርጉት አላት፤ ሰማይ ላይም ሣር ላይም ትታያለች።

"ነጭ የሚመርጥ የለም?" አለች።

"ሞልቶ። አሁን እርስዎ ከመግባትዎ በፊት አንድ ደንበኛዬ ወስዶ መውጣቱ ነው" አለ ሻጩ። ደንበኛው ኳስ አመራረጥ ያውቅበታል፤ የወሰደው ልክ ለደካማ ተጫዋች የሚሆነውን ነው። ያልተስማሙት በቀለሙ ብቻ ነበር። "ቢጫ የት እንደወደቀች ሜዳው ሁሉ ያያታል ይለኛል። ታዲያ ኳስ የምትገዛው እንዳትታይ ነው እንዴ ብዬ ሳቅኩበት።" ሌላም የገረመው ነገር ነበር። ተጫዋች ኳሱ ላይ ምልክት የሚያደርገው ከሌላ ሰው ኳስ እንድትለይ ነው። ይሄ ሰውዬ ግን አሮጌ ኳስ አምጥቶ፣ እሷ ላይ ያለችውን አረንጓዴ ነጥብ አዲሶቹ ሁሉ ላይ ቁርጥ አስመስለህ አድርግልኝ አለው።

አመስግናው፣ አስቤበት እመለሳለሁ ብላ ወጣች። መኪናዋ ውስጥ ቁልፉን ሳታዞር ጥቂት ተቀመጠች። እንዲህ ያለውን ነገር በሥራዋ ስም አውጥተውለታል፤ ሁለት መኪና በአንድ ታርጋ። አንደኛው ሲጠፋ ሌላው በቦታው ይቆማል፤ ሰነዱን ያየ ሁሉ ያው ነው ይላል። ባሏ አባቷን እያታለለ ነው። ወይ እያሸነፈ እንዲመስለው ኳስ ያዘዋውርለታል፤ ወይ ደግሞ በሰው ፊት አታላይ አስመስሎ ሊያዋርደው ነው። ማሞካሸቱ ከሆነ የሚፈልገው አለ፤ ማዋረዱም ከሆነ የሚፈልገው አለ። የቱም ቢሆን አልጋዋን የሚጋራት ሰው ነው። ሞተሩን አስነሥታ ተከትላቸው ነዳች።

ጎልፍ ሜዳው ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። በሩ ላይ ያለው ዘበኛ የኢንጂነሩ ልጅ መሆኗን ስትነግረው አሳለፋት። ሣሩ የተከረከመ ራስ ይመስላል። በአንድ ወገን ሜዳውን ተከትሎ የሚሄድ የዛፍ ረድፍ አለ፤ በዛፎቹ ጥላ ሥር ስትሄድ ሦስቱንም አየቻቸው። የትምህርት ቤቱ ባለቤት ቦርሳዋ ጋ ሆና ጓንቷን ታጠልቃለች፤ ባሏ ወደፊት ቀድሟል፤ አባቷ ዱላውን ይዞ ኳሱ አጠገብ ቆሟል። አቋቋሙን አልወደደችውም። አንገቱን ዘመም አድርጎ፣ የሚመታትን ኳስ ሳይሆን ከአጠገቧ ያለውን ሣር ያይ ነበር፤ ሰው ሲያዳምጥ እንደሚያደርገው። መታ። ኳሷ ወደ ቀኝ ጠመም ብላ መጣች፣ ቅጠል ሰንጥቃ እሷ ካለችበት ዛፍ ሥር ዱብ አለች። ጎንበስ ብላ አነሣቻት። አረንጓዴ ነጥብ አለባት።

በዚያው ቅጽበት ባሏ ከሜዳው መሐል ድምፁን ከፍ አድርጎ "እዚህ ናት፣ አባባ! ጥሩ መጥታለች!" አለ። እጁ ከሱሪ ኪሱ ሲወጣ አይታዋለች። እግሩ ሥር፣ ጠራ ያለው ሣር ላይ፣ ነጭ ኳስ ተቀምጣለች። አባቷ ራሱን ነቀነቀ፤ የትምህርት ቤቱ ባለቤትም አጨበጨበች። እሷ እውነተኛዋን ኳስ ጨብጣ ቆማለች። ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም ብላ ከጥላው ወጣችና በቀጥታ ወደ አባቷ ሄደች። ምን እንደምትለው አዘጋጅታ ነበር። ባሏ ከሩቅ አይቷት ሊሮጥ ሲል ተወው፤ የሚሮጥ ሰው ይታያል።

አባቷ የእግር ድምፅ ሰምቶ ዞረ። ፊት ለፊቱ፣ እጁን ቢዘረጋ በሚደርስባት ቦታ ላይ ነበረች። ባርኔጣውን በትሕትና ነካ አደረገ።

"ጤና ይስጥልኝ" አላት። "ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ጨዋታ ላይ ነን። ትንሽ ቢታገሡን እናሳልፍዎታለን።"

የገዛ ልጁን "እርስዎ" አላት። ቀልድ መስሏት ፊቱን አየችው፤ ፊቱ ላይ ቀልድ አልነበረም፤ ለማያውቁት ሰው የሚሰጥ ጨዋ ፈገግታ ብቻ ነበር። ጠዋት የሰማችው "አያየውም" የሚለው ቃል ያን ጊዜ ነው ትርጉሙ የገባት። ባሏ አያስተውልም ማለቱ አልነበረም። አያይም ማለቱ ነበር። ያዘጋጀችውን ንግግር ተወችው።

"አባባ፣ እኔ ነኝ" አለች።

አባቷ ለአፍታ ደነገጠ። ከዚያ ሳቀና ፀሐዩ ነው አለ፤ ፊቱንም ወደ ጎን መለስ አድርጎ ጆሮዋ አካባቢ አያት። ግድግዳ ሲያይ የኖረበት አስተያየት ያው ራሱ ነበር። የትምህርት ቤቱ ባለቤት እሷም ከፀሐይ ጋር እንደማትስማማ ነግራቸው ተሳሳቁ። እሷ ግን ከዛፉ ሥር ያነሣቻትን ኳስ ኪሷ ውስጥ ከተተች።

ወደ ክበቡ ሲመለሱ እሷና ባሏ ወደ ኋላ ቀሩ። ባሏ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። አባባ ዓይናቸውን ካመማቸው ዓመት አልፎታል አላት። የዓይናቸው መሐሉ ነው የጠፋው፤ ዳር ዳሩን ያያሉ። አንድን ነገር ለማየት ከነገሩ ላይ ዓይናቸውን ማንሣት አለባቸው፤ ፊት ለማየት ጆሮ ማየት። ሐኪሙ የሄደውን መመለስ አይቻልም ብሏል። ለእሷ እንዳይነግራት ያስማሉት እሳቸው ናቸው፤ "እሷ ካወቀች ጡረታ አወጣችኝ ማለት ነው" ብለው። የቢሮው የሙያ ፈቃድ በእሳቸው ስም ነው፤ እሱ ገና እዚያ ደረጃ አልደረሰም፤ እሳቸው ዛሬ ቢያቆሙ ሠራተኛው ሁሉ ነገ ይበተናል። ጎልፉን ቢተዉት ሰው ለምን ብሎ ይጠይቃል፤ ድሮም ደካማ ተጫዋች ስለሆኑ ግን ኳስ ቢስቱ ማንም አይጠረጥርም። መፈለግ ሲያቅታቸው ብቻ ነው የሚያስታውቅባቸው። ስለዚህ እሱ ይፈልግላቸዋል። ጠዋት ኮሪደሩ ላይ የሰማችውን ስትነግረው፣ ሻጩ ማን እንደሆኑ እንዳይገምት ብሎ እንጂ "ሰውየው" ማለቱ ለእሱም ደስ አላለውም።

"ንድፉንስ?" አለችው።

"አነብላቸዋለሁ። እሳቸው በጭንቅላታቸው ያሰሉታል። እስከ ዛሬ አንድ ስሕተት የለም።"

"ቢኖር ማን ያየዋል?"

ባሏ እርምጃውን አፈጠነ። እሷም ከዚያ ወዲህ ያለውን መንገድ ሁለት ነገር እያመዛዘነች ሄደች። ባሏ ለአባቷ ዓይን ሆኖለት ነበር፤ ያም እውነት ነው። በዚያ ዓይን ደግሞ የሚያሳየውንና የማያሳየውን የሚመርጠው እሱ ነበር፤ ይህም እውነት ነው።

ክበቡ ውስጥ መስኮት አጠገብ ያለ ሰፊ ጠረጴዛ ያዙ። ለስላሳ መጠጥ መጣ። የትምህርት ቤቱ ባለቤት ደስተኛ ሴት ናት፤ በአዲሱ ሕንፃ ትንንሾቹን ልጆች ታችኛው ፎቅ፣ ትልልቆቹን ላይኛው ላይ እንደምታደርግ ታወራለች፤ የሚቀጥለው ዓመት ምዝገባዋ ከወዲሁ ሞልቷል። ባሏ ንድፉን ዘረጋና ጠርዙን በብርጭቆ ያዘው። ከዚያ ብዕሩን አባቷ እጅ ውስጥ አስቀመጠና፣ የሚፈረምበትን ቦታ የሚያሳይ መስሎ አመልካች ጣቱን ወረቀቱ ላይ ተከለ። የአባቷ እጅ ጣቱን ተከትሎ ወረደ። ነገሩ በልምድ የሠለጠነ፣ የሚያምርም ነበር፤ ሳታውቅ ብታየው ኖሮ መከባበር ነው የምትለው።

"አባባ" አለች፤ "ከመፈረምህ በፊት አንዴ እይልኝ።"

ባሏ ቀና ብሎ አያት።  አባቷ ግራ እጁን ወረቀቱ ላይ አሳርፎ፣ ለልጁ የሚያስረዳ አስመስሎ ይናገር ጀመር። ምሰሶዎቹ በምን ያህል ርቀት እንደቆሙ፣ የትኛው ወለል ምን እንደሚሸከም፣ መሠረቱ ለምን እንደጠለቀ አንድ በአንድ ዘረዘረ። ድምፁ የሚያምር፣ የማይጠራጠር ድምፅ ነበር። የትምህርት ቤቱ ባለቤት አገጯን በእጇ ደግፋ ታዳምጣለች። ባሏ ትንፋሹን ለቀቀ። "ልጆቹ ሁሉ የሚወርዱበት ዋናው ደረጃ ደግሞ" አለ አባቷ፣ ጣቱን ወደ ወረቀቱ ግራ ጥግ ወስዶ፣ "እዚህ ጋ፣ ከመግቢያው ግራ ነው።"

የትምህርት ቤቱ ባለቤት ሳቅ አለች። "ኢንጂነር፣ ደረጃውን እኮ አዛወርነው። ባለፈው ሳምንት ለአማችዎ ነግሬያቸው፣ ወደ ኋላ ወስደውልኛል፤ ያውና" ብላ በጣቷ አሳየች። አባቷ የተመለከተው አሁንም ግራ ጥጉን ነበር። ሴትዮዋ ጣቷን ወረቀቱ ላይ እንደያዘች ሳቋን አቆመች። አንዴ አባቷን፣ አንዴ የራሷን ጣት አየች።

"ማን አዛወረው?" አለ አባቷ።

"ትንሽ ነገር ስለሆነ ነው፣ አባባ" አለ ባሏ። "ልነግርዎ አስቤ..."

"ደረጃ ትንሽ ነገር ነው?"

 ከውጭ ዱላ ኳስ ሲመታ ተሰማ። አባቷ የብዕሩን ክዳን ፈልጎ ከደነው፤ ክዳኑን ለማግኘት ጠረጴዛውን በመዳፉ ዳበሰ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ፊት፣ ሳይደብቅ። "እመቤት" አላት የትምህርት ቤቱን ባለቤት፤ "ይህን ወረቀት አላየውም። እውነቱን ለመናገር የእርስዎንም ፊት አይቼው አላውቅም። ስንተዋወቅ ዓይኔ ሄዶ ነበር። ሊነገርዎ የሚገባው ያኔ ነበር፤ አልነገርንዎትም።" ሴትዮዋ አልጮኸችም። ወረቀቷን ቀስ ብላ ጠቀለለች፤ አመሰግናለሁ አለች፤ እጇን ዘርግታ ትንሽ ቆየችና፣ እንደማያየው ትዝ ሲላት ራሷ እጁን ፈልጋ ጨበጠችው። ባሏን ሳትሰናበተው ሄደች።

አባቷን ወደ ቤቱ የወሰደችው እሷ ናት። ባሏ በራሱ መኪና ከኋላ ይከተላቸው ነበር፤ ከዚያ አንድ መብራት ላይ ጠፋ። አባቷ በመንገዱ ሁሉ አልወቀሳትም። ቤት ሲደርሱ ሳሎኑን አቋርጦ፣ ወንበር ሳይነካ፣ ስልኩ ጋ ተቀመጠና አንድ ቁጥር በቃሉ እየነገራት እንድትመታለት ጠየቃት። ቁጥሩ የሌላ መሐንዲስ ነበር፤ ዕድሜውን ሙሉ ስሙን በበጎ አንሥቶት የማያውቅ፣ "ያ ሲሚንቶ አባካኝ" የሚለው ባላንጣው። ሰላምታ ካቀረበለት በኋላ አንዲት የትምህርት ቤት ባለቤት ልትደውልለት እንደምትችል፣ ሥራውን እንዲቀበላት፣ ደረጃውን ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ እንዲያይላት ለመነው። ከወዲያ የሚመጣው ድምፅ ለረጅም ጊዜ ተናገረ። አባቷ "አዎ፣ ዓይኔ ነው" አለ። ትንሽ ቆይቶ "እሺ። አመሰግናለሁ" አለና ስልኩን አስቀመጠ። ከዚያ ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ቴሌቪዥኑን የከፈተ አልነበረም።

ባሏ ሲመጣ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። በሩ ላይ ቆመ እንጂ አልገባም። የት እንደነበረ ማንም አልጠየቀውም። ስለ ደረጃው ረስቶት ነው ወይስ ሳይናገር መወሰን ለምዶ ነው የሚለውን ልታነብበት ፊቱን አየችው፤ የሰው ፊት ማንበብ እንጀራዋ ሆኖ እንኳ አልቻለችም። በቃል እጠይቀዋለሁ ብላ ወሰነች፤ ጠዋት ኮሪደሩ ላይ ማድረግ የነበረባትም ይህንኑ ነበር። እሱም "አባባ" አለ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፤ "ለሠራተኞቹ ምን ልበላቸው?"

"አንተ ምንም አትላቸውም" አለ አባቷ። "ሰኞ ጠዋት እኔ ራሴ እነግራቸዋለሁ። አንተ መግቢያው ላይ እጄን ይዘኸኝ ትገባለህ። ሰው እያየ።"

 ባሏ ምንጣፉን አቋርጦ መጣና፣ ወንበሩ አጠገብ ተንበርክኮ የአባቷን እጅ ክርኑ ላይ ያዘው።

"ሰኞ ነው እኮ ያልኩህ" አለው አባቷ። እጁን ግን አልወሰደም።